እጣቢ ወዴት ይሂድ? የቤት ውስጥ ውሃን መልሶ መጠቀምና የወጣት ተመራማሪዎች ድርሻ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርዕስ የሚነሣው ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት የተማሪዎችን የመመረቂያ ሥራ በገመገምሁ ቁጥር አንድ ንድፍ በልዩ ልዩ መልክ ሲቀርብልኝ ኖሯል። አንድ በርሜል አለ፤ በውስጡ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ከሰል ይነጠፋል፤ ከግርጌው ቧንቧ ይገጠማል። ከላይ የልብስ ወይም የዕቃ እጣቢ ይጨመርበታል፤ ከታች ጠርቶ ይወርዳል። ይህን ንድፍ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ወጣት ውሃ ባጣ ሰፈር ስለሚኖር ቤተሰብ አስቦ ሌሊቱን ሲያድር ማየት መምህርን ያስደስታል። ነገር ግን ከበርሜሉ ጀርባ ያለው ግምት ሳይመረመር ያልፋል። ግምቱም በውሃ እጥረት በሚኖር ቤት ብዙ ውሃ ይባክናል፣ የሚባክነውንም መሣሪያ ያድነዋል የሚል ነው።

እኔ የምሞግተው ይህን ግምት ነው። ውሃ በተወደደበት ቤት የሚባክነው ውሃ ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂትም ውሃ በገፍ ከሚፈስበት ቤት ከሚወጣው እጣቢ ይልቅ የከፋ ነው። መልሶ መጠቀም አብዝቶ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ እዚያው አብዝቶ አስቸጋሪ ይሆናል። ይህን ሳይረዳ የተሠራ መሣሪያ በአዳራሽ ይሸለማል፤ በግቢ ውስጥ ግን ከጥቂት ወራት በላይ አይኖርም።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በሙያችን መጻሕፍት ከመጸዳጃ ቤት ያልወጣ፣ ከገላ መታጠቢያ፣ ከልብስና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወጣው ውሃ "ግራጫ ውሃ" ይባላል። ከባዕድ ቋንቋ በቀጥታ የተመለሰ ስም ነው፤ እናቶቻችን ግን ለነገሩ ስም አላጡለትም። እጣቢ ይሉታል፤ የልብስ እጣቢ፣ የዕቃ እጣቢ፣ የእህል እጣቢ እያሉም ይለዩታል። ይህ መለየት ለመሐንዲስ ከ"ግራጫ" ይልቅ ይጠቅማል፤ የምስር እጣቢና የሕፃን ልብስ እጣቢ በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ሁለት የተለያዩ ውሃዎች ናቸውና። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ እጣቢ እላለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ የተቀመጠው ግብ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ከተሞች በሕዝብ ብዛታቸው በአምስት ደረጃ ተከፍለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላለው ከተማ 100 ሊትር፣ ቀጥሎ 80፣ 60፣ 50፣ ከ20,000 ነዋሪ በታች ላለው ትንሽ ከተማ ደግሞ 40 ሊትር ተወስኖላቸዋል። እነዚህ ግቦች ናቸው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በእጁ የሚገባው ስንት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

የገጠሩን ግብ እንውሰድ። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን 125 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሩብ ያገኛል። አንዱ ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ያን የሚሸከመውም በአብዛኛው ሴት ወይም ልጅ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ምስር የታጠበበት ውሃ ለከብት ወይም ለዶሮ ይሰጣል። የመጨረሻው የልብስ ማለቅለቂያ ለቀጣዩ ዙር ልብስ መዘፍዘፊያ ይሆናል፤ ከዚያ ለወለል ማጽጃ ወይም ለደጅ አቧራ ማስከኛ ይረጫል። እግር የታጠበበት ለጎመኗ ሥር ይደፋል። አንድ ሊትር ውሃ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ሁለትና ሦስት ጊዜ አገልግሏል። ይህን ሥርዓት ማንም በሥልጠና አላስተማረም፤ የጀሪካኑ ክብደት ራሱ አስተማረ። ወጣቱ መሐንዲስ በርሜሉን ይዞ ሲመጣ፣ መልሶ መጠቀምን ሊያስጀምር ሳይሆን ከእርሱ በፊት የነበረን የመልሶ መጠቀም ሥርዓት ሊያሻሽል እንደመጣ ማወቅ ይገባዋል። ባለሙያዋ ከፊቱ ቆማለች።

በመማሪያ መጻሕፍት እጣቢ ከቤት ውስጥ ፍሳሽ ከ50 እስከ 80 በመቶ ይሆናል ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የተገኘው መጸዳጃው በውሃ ከሚወርድባቸው፣ ገላ መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካላቸው ቤቶች ነው። የጉድጓድ መጸዳጃ ባለበት ቤት ከሞላ ጎደል ፍሳሹ ሁሉ እጣቢ ነው፤ በመጠን ግን ጥቂት፣ በይዘት ወፍራም ነው። ይህን "ወፍራም" የምለውን በስሌት ላሳያችሁ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤተሰብ በቀን 50 ግራም ሳሙና ይጠቀማል እንበል። ያ ቤተሰብ በቀን 500 ሊትር ውሃ ቢኖረው በእያንዳንዱ ሊትር እጣቢ ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ሳሙና ይኖራል። ሌላው ቤተሰብ ያንኑ ሳሙና በ50 ሊትር ውሃ ቢጠቀም በአንዱ ሊትር 1,000 ሚሊ ግራም ይሆናል። እድፉ ያው ነው፤ ልብሱም ያው ነው፤ ሳሙናውም አልበዛም። ውሃው ግን ወደ አንድ አሥረኛ ስለቀነሰ እጣቢው አሥር እጥፍ ከብዷል። ከውጭ የተገለበጠ ንድፍ እዚህ አገር ሲመጣ የሚደናቀፈው በዚህ ስሌት ነው። በርሜሉ ለቀጭን እጣቢ ተሠርቶ ወፍራም እጣቢ ሲጠጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅባት አሸዋውን ይደፍነዋል፤ ከዚያም ይሸታል፤ ከዚያም እመቤቲቱ አንድ ቀን ጠዋት ባዶ አድርጋ እህል ታስቀምጥበታለች። በርሜል ውድ ዕቃ ነውና ልክ አድርጋለች።

ከሳሙናው ውስጥ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ደግሞ ሶዲየም ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና የቅባት አሲድ የሶዲየም ጨው ነው፤ ከክብደቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ሶዲየም ነው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ግን ከዚህ የባሰ ነው። በዱቄቱ ውስጥ ለመሙያና ለማለስለሻ የሚጨመረው ሶዲየም ሰልፌት ከክብደቱ 32 በመቶ ያህል፣ ሶዲየም ካርቦኔት ደግሞ 43 በመቶ ያህል ሶዲየም ነው። አሸዋና ከሰል ይህን አይዙትም። በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው በጠጠር መካከል እንደ ውሃው ራሱ ያልፋል። ከበርሜሉ ግርጌ የሚወርደው ውሃ ጠርቶ ይታያል፤ ጨዉ ግን ከላይ እንደገባ ከታች ወጥቷል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ ይዘረጋልናል። "የጠራ ውሃ" ስንል ዓይን ያየውን እንናገራለን፤ "ጥራት ያለው ውሃ" ስንል ግን ለጤናና ለአፈር የሚስማማውን። ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸውና ተማሪዎቼም ገምጋሚዎችም በቀላሉ ያደባልቋቸዋል። በአንድ የፈጠራ ዐውደ ርዕይ ላይ ተወዳዳሪው ያጣራውን የልብስ እጣቢ በብርጭቆ አድርጎ ለታዳሚው ከፍ ሲያደርግ አይቻለሁ። ጭብጨባው ደመቀ። ስለ ሶዲየሙ የጠየቀ አልነበረም፤ ብርጭቆው እስከ ጠራ ድረስ ለማን ይታሰበዋል?

ያ ሶዲየም አፈር ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? የሸክላ አፈር ቅንጣቶች በካልሲየምና በማግኒዚየም አማካይነት ተያይዘው እንደ እንጎቻ እየተቋጠሩ ይኖራሉ፤ በቋጠሮዎቹ መካከል አየርና ውሃ ይተላለፋል። ሶዲየም በዝቶ ካልሲየምን ከቦታው ሲያፈናቅል ቋጠሮው ይፈታል። ቅንጣቶቹ ተበትነው ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ፤ የአፈሩ ፊት ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። ውሃ ከላይ ይተኛል፤ ሥሩ ይታፈናል። በዋልካና በመረሬ አፈር ላይ ይህ ጉዳት ቶሎ ይታያል፤ ሲረጥቡ የሚያብጡ፣ ሲደርቁ የሚሰነጣጠቁ አፈሮች ናቸውና። ደጋ ላይ ክረምቱ ጠንከር ብሎ ሲዘንብ ያለፈውን በጋ ጨው ወደ ታች ያጥበዋል። ቆላ ላይ፣ ማለትም የውሃ እጥረቱ በበረታበትና ወጣቶቻችን ፕሮጀክታቸውን ሊተክሉ በሚመርጡበት አካባቢ፣ ዝናቡ ያን ያህል አያግዝም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ጎመኑ ሲጠወልግ ተማሪው ተመርቆ ሄዷል። ቤተሰቡ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ የተማረ ልጅ ያመጣው ነገር ጓሯችንን አበላሸ።

መፍትሔ የለም ማለቴ አይደለም። አንዱን መደብ በእጣቢ ሲያጠጡ ሌላውን ማሳረፍ፣ ኮምፖስት መጨመር፣ ጀሶ መበተን ይቻላል፤ ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ ካልሲየሙ ተመልሶ የሶዲየምን ቦታ ይይዛል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ከምንጩ መለየት ነው። የመጀመሪያውን፣ ዱቄት የበዛበትን የልብስ እጣቢ ከጓሮ ማራቅ፤ የማለቅለቂያውን ለጓሮ ማዋል። ይህ አንድ ተጨማሪ ሳፋ ይጠይቃል እንጂ በርሜል አይጠይቅም። ሌላም መንገድ አለ፤ ከአመድ በሚወጣ ውሃ የሚሠራ ሳሙና በአመዛኙ የፖታሲየም ሳሙና ነው፤ ፖታሲየም ደግሞ ለተክል ምግብ ነው። ኬሚስትሪ ለምታጠኑ ተማሪዎች እዚህ ላይ ሥራ አለላችሁ፤ ከበርሜሉ ይልቅ ሳሙናውን ብትቀይሩት ምን ይሆናል?

ስለ ሳሙና ካነሣሁ እንዶድን ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ያን ጊዜ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ፣ በዐድዋ አካባቢ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዝ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ከዚያ ትዝብት የተነሣው ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል እንዳለው አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "ራይት ላይቭሊሁድ" የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሕክምናው በኩል ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን በሌላ በኩል ነው፤ አገራችን በዓለም ዘንድ ከታወቀችባቸው የሳይንስ ግኝቶች አንዱ የተገኘው አንድ ወጣት እጣቢው ወደየት እንደሚሄድና በሄደበት ምን እንደሚያደርግ ተከትሎ ስላየ ነው። መሣሪያ ይዞ አልመጣም። ቁልቁል ተመለከተ። (በነገራችን ላይ፣ እንዶድ ሶዲየም ስለሌለው ለጓሮ ይሻላል የሚል ንድፍ ደርሶኛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድለው ዓሣንም ይገድላል፤ እጣቢው ወደ ጅረት በሚወርድበት ቦታ ይህ ሊዘነጋ አይገባም።)

ከአፈሩ ወደ ጤናው ልለፍ። እጣቢ ከመጸዳጃ ፍሳሽ ይሻላል እንጂ ንጹሕ አይደለም። የሕፃን ልብስ የታጠበበት ውሃ ከዓይነ ምድር የሚመጡ ተሕዋስያንን ይይዛል፤ ጥሬ ሥጋ የታጠበበትም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ፍሳሽን በጥንቃቄ ስለ መጠቀም ባወጣው ባለ አራት ቅጽ መመሪያ አራተኛው ቅጽ እጣቢን ይመለከታል፤ የዚያ መመሪያ መሠረታዊ አካሄድ ውሃውን በአንድ መሣሪያ ንጹሕ ለማድረግ ከመድከም ይልቅ ከቤት እስከ ማዕድ ባለው መንገድ ላይ ብዙ መከላከያ መደርደር ነው። እጣቢው ቅጠል እንዳይነካ ወደ ሥር ማፍሰስ አንድ መከላከያ ነው። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ትቶ ተቀቅሎ የሚበላ ጎመን መትከል ሌላ መከላከያ ነው። ከማጨድ በፊት ጥቂት ቀናት ማጠጣትን ማቆም፣ እጅ መታጠብ፣ ልጆችን ከመደቡ ማራቅ፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም። በርሜል ውስጥ የሚጨመረው ከሰል ግን ተሕዋስያንን ሁሉ ይገድላል ብሎ ለቤተሰብ መንገር አደጋ ነው። እናቲቱ በተነገራት ታምናለች።

ማጠራቀምም የራሱ ጣጣ አለው። እጣቢ ሙቀትና የምግብ ርዝራዥ ስላለው ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ አየሩን ጨርሶ ይሸታል። ስለዚህ በብዙ አገሮች የሚሰጠው ምክር እጣቢን ከ24 ሰዓት በላይ አታስቀምጡ የሚል ነው። በምሥራቅ አገራችን ደግሞ ሌላ ስጋት ተጨምሯል። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የሚራባውና ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከዚሁ ትንኝ ጋር ተያይዟል። ያቺው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ ደርሶባታል፤ ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝም የምትራባው በቤት ውስጥ ዕቃ በሚጠራቀም ውሃ ነው። ክዳን የሌለው በርሜል በድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እስካሁን ብዙ ጊዜዬን በችግሩ ላይ አጠፋሁ፤ ስለ ተሠራ ነገር ደግሞ ልናገር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ "ሮዛ" በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቅ ፕሮጀክት በአራት የምሥራቅ አፍሪቃ ከተሞች ተካሂዶ ነበር፤ ናኩሩ፣ አሩሻ፣ ኪትጉምና የእኛዋ አርባ ምንጭ። በስሟ አርባ ምንጭ ያላት ከተማ ስለ እጣቢ ትጨነቅ ዘንድ መመረጧ ፈገግ ያሰኛል፤ ግን ምንጭ መኖሩና ውሃው ቤት መድረሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በከተማዋ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተ በመሆኑ ለሥራው የተገባ ቦታ ነበር። እዚያ በቤተሰብ ደረጃ ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ አስቀድሞ በደቡብ አፍሪቃ የተሠራበት የእጣቢ ማማ ነው።

አሠራሩን ልግለጽ፤ ከሰማችሁ በኋላ ነገ ጠዋት ልትሠሩት ትችላላችሁና። ጥቂት እንጨቶች በክብ ይተከሉና ዙሪያቸው በመረብ ጨርቅ ወይም በጆንያ ይታጠራል። ግርጌ የሌለው ባልዲ በመካከል ይቀመጥና በድንጋይ ይሞላል፤ በባልዲው ዙሪያ የአፈር፣ የኮምፖስትና የአመድ ድብልቅ ይደረጋል። ከዚያ ባልዲው ወደ ላይ ይሳብና ድንጋዩ ባለበት ይቀራል፤ ደግሞ ይሞላል፤ ደግሞ ይሳባል። በመጨረሻ በአፈር የተከበበ የድንጋይ ዓምድ በመካከሉ የቆመ ማማ ይሆናል። በጎኑ ጨርቁ እየተበሳ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሽንኩርት ይተከላል፤ በአናቱ ቲማቲም። የዕለቱ እጣቢ በዕለቱ በድንጋዩ ዓምድ አናት ላይ ይደፋል፤ በዓምዱ ውስጥ ወርዶ ወደ ጎን ወደ አፈሩ ይሰርጋል።

ለምን እንደወደድሁት ልንገራችሁ። ማጠራቀሚያ የለውም፤ ስለዚህ አይሸትም፣ ትንኝም አይራባበትም። ቧንቧ የለውም፤ ስለዚህ የሚሰበር ነገር የለም። ውሃው ቅጠሉን አይነካም። አንድ ክንድ ተኩል በማይሞላ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ግቢ ለሌለው ሰው ደጃፍ ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ግን እመቤቲቱ ሳፋዋን ይዛ ወጥታ ከመድፋት ያለፈ ሥራ አልተጨመረባትም፤ ቀድሞም መንገድ ላይ ትደፋው ነበር። ጉድለቶቹም ግልጽ ናቸው። ቅባት የበዛበት እጣቢ የድንጋዩን ዓምድ ይደፍነዋል፤ ልብስ በሚታጠብበት ቀን እጣቢው ከማማው አቅም በላይ ሲሆን ግርጌው ይረግጣል፤ ፀሐይ ጨርቁን ትበላዋለች፤ አፈሩም ቀደም ሲል በተናገርሁት ምክንያት በየጊዜው መታደስ አለበት። እነዚህ ግን ቤተሰቡ በዓይኑ አይቶ በእጁ የሚጠግናቸው ጉድለቶች ናቸው። የበርሜሉ ጉድለት ከውስጥ ነው፤ የማማው ከውጭ ይታያል።

ማማ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር ቤተሰብ አፈር ከየት ይመጣል? እዚያ ነዋሪው ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ተነሥቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን ይሞላል፤ የልብስ ማለቅለቂያውን በባልዲ አስቀምጦ መጸዳጃውን ያወርድበታል። ይህ በራሱ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ መጸዳጃ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ እንደ ዕቃው ዓይነት ከ6 እስከ 9 ሊትር ይወስዳልና፣ አምስት ሰው ባለበት ቤት የቀኑ ድምር ጀሪካን በጀሪካን ይሆናል። ነገር ግን የባልዲው ሥራ በሰው ጉልበት የሚሠራው ሕንጻው ሲሠራ የገላ መታጠቢያው እጣቢና የመጸዳጃው ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ እንዲወርዱ ስለተደረገ ነው። ሁለት ቧንቧ ቢዘረጋ ኖሮ የላይኛው ፎቅ እጣቢ የታችኛውን መጸዳጃ ባወረደ ነበር። በግንባታ ጊዜ ቧንቧን መለየት ቀላል ነው፤ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ግን ማንም አይደፍረውም። ስለዚህ ለከተማው ውሃ የሚያስብ ወጣት ዕቃ መፈልሰፍ ብቻ አይደለም መንገዱ። የሕንጻ ደንብ አንቀጽ ማርቀቅም ፈጠራ ነው፤ ዐውደ ርዕይ ላይ ባይታይም።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ብቻ። የደቡብ አፍሪቃዋ ኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. በ2018 ግድቦቿ ሊደርቁ በተቃረቡ ጊዜ ለአንድ ነዋሪ በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቀደች። ሕዝቡ ባልዲ ላይ ቆሞ ገላውን ታጠበ፤ በዚያም መጸዳጃ አወረደ፤ ዓለምም በአድናቆት ተመለከተ። አሁን ወደ መጀመሪያው ቁጥሬ ተመለሱ። ለእነርሱ የመከራ ጊዜ ራሽን የሆነው 50 ሊትር፣ በእኛ ዕቅድ ከ20,000 እስከ 50,000 ነዋሪ ላለው ከተማ የልማት ግብ ነበር። በእነርሱ ዘንድ በዚያ ዓመት የተጻፈ መመሪያ ሁሉ በ50 ሊትር ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነውና፣ ለአውሮፓ ቤት ከተጻፈው ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ለምርምራችሁ ንጽጽር ስትፈልጉ ወደዚያ ተመልከቱ።

ቤት ላይ ማተኮራችን ከንቱ ነው፣ መንግሥት ግድብ ይሥራ የሚለኝ አድማጭ እንደሚኖር አውቃለሁ። ግድቡም ይሠራ። ነገር ግን የሐረርን ታሪክ አስቡት፤ ለብዙ ዓመታት ከሐሮማያ ሐይቅ ስትጠጣ ኖራ ሐይቁ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ደርቆ ከተማዋ ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል በረጅም መስመር ለማስመጣት ተገደደች። ትልቁ ምንጭ ሲነጥፍ በየቤቱ ያለው የአጠቃቀም ሥርዓት ብቻ ነው በሕይወት የሚያሰነብተው።

ከእንግዲህ በእኔ አማካሪነት በዚህ ርዕስ ላይ መሥራት የሚሹ ተማሪዎች ምን እንደምጠይቃቸው ከወዲሁ ይወቁ። በመጀመሪያ ሥዕል ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ቤተሰብ ምረጡና ፈቃዱን ጠይቃችሁ ለሰባት ቀናት ያህል የውሃ መዝገብ ያዙ። በየዕለቱ ስንት ጀሪካን ገባ፣ ማን ተሸከመው፣ እያንዳንዱ ሊትር ስንት ጊዜ አገለገለ፣ በመጨረሻ የት ተደፋ። ከሰባቱ ቀናት አንዱ ልብስ የሚታጠብበት፣ አንዱም በዓል ወይም እንግዳ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ የእጣቢውን የጨው መጠን መለኪያ ከላቦራቶሪያችን ወስዳችሁ ለኩ፤ ጓሮው ካለ አፈሩንም ከእጣቢው በፊትና በኋላ መርምሩ። ዕቃ ለመሥራት ብትወስኑ የቤተሰቡን ሥራ በስንት ደቂቃ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ጻፉ፤ ይህን ቁጥር በማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እስካሁን አላየሁትም። ተሠርቶ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ለዚህ ስትሉ ሥራውን በመጨረሻው ሴሚስተር ሳይሆን በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ መጀመር ይኖርባችኋል፤ የትምህርት ክፍሉ የጊዜ ሰሌዳውን በዚህ መልክ እንዲያስተካክል ለባልደረቦቼ ሐሳብ አቅርቤያለሁ።

የመዝገቡን ቅጽ በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ታገኙታላችሁ፤ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በአማርኛ የተዘጋጀ በመሆኑ የምትመርጧት እመቤት ራሷ ወይም ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጇ ሊሞሉት ይችላሉ። መኖሪያ ግቢያችን ውስጥ ውሃ በሚቋረጥባቸው ቀናት የራሳችሁን ዶርም መዝግባችሁ ብትለማመዱበት ደግሞ ደስ ይለኛል።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።